ክብ መጋዙን የመረጥኩ ቀን

ባለፈው ወር የሴት ልጄ ባል ታደሰ ባለሥዕል መጽሔት ብብቱ ሥር ሸጉጦ መጣ። አስተማሪ ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ግን እጁ ከጠመኔ ሌላ የጨበጠው ነገር የለም። መጽሔቱን ጭኔ ላይ ዘረጋው። የኤሌክትሪክ መጋዝ፣ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ፣ የኤሌክትሪክ መላጊያ፤ ሁሉም ያብለጨልጫል።

«አባባ» አለኝ፣ «ጠረጴዛና አልጋዬን ቤቴ ውስጥ ራሴ መሥራት አምሮኛል። መብራትም ገብቶልናል። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ አናጢ ነበሩ፤ ከነዚህ የቱን መጀመሪያ ልግዛ?»

«ነገ ተመለስ» አልኩት። የደከመኝ መስሎት ሄደ። አልደከመኝም። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት አብሮኝ አናጢነት ስለተማረው ስለ ሁሴን ማውራት ነበረብኝ፤ የሁሴንን ስም በበጎ ማንሳት ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ ሲተናነቀኝ ኖሯል። ሥራ ካቆምኩ ሁለት ዓመቴ ነው። እጄ አርፏል፣ ወገቤም አርፏል። ቅናቴ ግን አላረፈም። እንግዲህ ከሥሩ ልጀምር።

ሥራ የጀመርኩት ባቡር ጣቢያው ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ከተማችን አዳማ እንጂ ናዝሬት አትባልም ነበር፤ ከጣቢያው አጠገብ ጥቂት የቆርቆሮ ቤት፣ ከዚያ ወዲያ ግራርና አቧራ። አለቃዬ ሼፍ የምንለው ፈረንሳዊ ነበር፤ ከእኛ ጋር በፊሽካ እንጂ በቃል አይነጋገርም። ሥራዬ የበሰበሰ የፉርጎ ወለል ነቅሎ አዲስ ሳንቃ መምታት ነበር። ደመወዙ ለእህልና ለጨው ይበቃል፤ ሌላ የማወራለት ነገር የለውም። ምስማር መምታቱ ሲሰለቸኝ በምሳ ሰዓት በቢላ የወንበር እግር እየጠረብኩ እጫወት ጀመር። አንድ ቀን አንድ ሰው ከጀርባዬ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና የወንበሩን እግር ከእጄ ቀማኝ። አገላብጦ አየው፣ ጫፉን በምላሱ ላሰው።

«ወይራ» አለ። «አንቺ ጎበዝ ነሽ። ነገ እኔ ቤት ነይ።»

ሙሴ ጋራቤድ የምንለው አርመናዊ አናጢ ነበር። አማርኛው ወንድ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሚስቱንም፣ በቅሎውንም፣ አገረ ገዢውንም፣ እኛንም «አንቺ» ነበር የሚለን። የመጀመሪያው ቀን ሳቅኩ፣ በሦስተኛው ቀን ረሳሁት።

የሥራ ቤቱ ከገበያው በታች ነበር። ጥጉ ላይ በላምባ የሚሠራ ሞተር ተተክሎ ቀኑን ሙሉ ዱክ ዱክ ይላል። ከጣሪያው ሥር ረጅም የብረት ዘንግ ይሽከረከራል፤ ከዘንጉ የቆዳ ቀበቶ እየወረደ ሁለት መኪናዎችን ያዞራል። አንደኛው ግንድ የሚሰነጥቅ ክብ መጋዝ ነው፤ ሲነሳ ጩኸቱ ጣቢያው ድረስ ይሰማል። ሁለተኛው እንጨት እያዞረ የሚቀርጽ ማዞሪያ ነው፤ ኋላ ጣሊያን ሲመጣ ቶርኖ ያልነው። ቶርኖው ሞተር ባይኖርም ግድ የለውም፣ እንደ ስፌት መኪና በእግር እየረገጡ ይሠሩበታል።

ጠዋት ጠዋት ሙሴ ጋራቤድ በሩ ላይ ይቆማል። «ጣት!» ይላል። ሁለት እጃችንን ዘርግተን እናሳያለን። አንድ በአንድ እየነካ ይቆጥራል። «አሥር። ግቢ።» ማታ ስንወጣም እንደዚያው። ጣት ሳይቆጥር ያስገባን ቀን አላስታውስም። የራሱ ስምንት ከግማሽ ነበር። የቀሩት የት እንደሄዱ ጠይቀነው አናውቅም፤ መጋዙ እዚያው ቆሞ ነበርና።

ሌላም ልማድ ነበረው። እንጨት ላይ በከሰል አያሰምርም፣ በስለታም ቢላ ነው። የከሰል መስመር ወፍራም ነው፣ መጋዙ በቀኙ ይሂድ በግራው አታውቂም ይለኛል። ሳንቃ ሲመጣለት ደግሞ ጫፉን ይልሳል። ከአርሲ ደጋ በበሬ እየተጎተተ የሚመጣው ዝግባ ውስጡ ውኃ ነው፤ የኛ ቆላ ደግሞ ንፋሱ ሁሉን ያደርቃል። «ምላስ ላይ ከቀዘቀዘች ገና ናት። አትንኪያት» ይላል። በሳንቃና ሳንቃ መካከል ቀጫጭን እንጨት እያስገባ ይደረድረዋል፣ አንድ በጋ ሙሉ ዞር ብሎ አያየውም። እኔ ይሄንን እንደ ሽማግሌ ጭቅጭቅ ነበር የማየው።

እኔ የምወደው ቶርኖውን ነበር። መሮዬን አስጠግቼ ዋንዛው እንደ ቅቤ ሲላጥ፣ ፍቅፋቂው ፊቴ ላይ ሲረግፍ፣ ከግንዱ ውስጥ ያማረ የአልጋ እግር ቀስ እያለ ሲወጣ፣ አቤት ደስታዬ! አንድ ቀን ሙሴ ጋራቤድ እኔ ያወጣሁትን የአልጋ እግርና የራሱን ጎን ለጎን አቁሞ ብዙ አየና «አንቺ ትበልጫለሽ» አለኝ። ቤቴ እስክደርስ መሬት አልረገጥኩም።

ከዓመት በኋላ ሁሴን መጣ። ከወሎ አጎቱን ተከትሎ የመጣ ቀጭን ሰው ነው። በዕድሜ ብዙም አንበላለጥም፣ እሱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ጋሼ በቀለ» እያለ በ«እርስዎ» ያነጋግረኝ ጀመር። እኔ ዓመት የፈጀብኝን በስድስት ወር ለመደው። ደንበኛ በገባ ቁጥር «ያ ሥነ ሥርዓት ያለው ልጅ የለም?» እያለ እሱን ይጠይቃል። እኔስ ምኔ ሥነ ሥርዓት የለውም? ይባስ ብሎ አንድ ቅዳሜ ሙሴ ጋራቤድ የራሱን ጠባብ መሮ፣ ያንን እጀታው በእጁ ላብ የጠቆረውን፣ አንስቶ ለሁሴን ሰጠው። ለእኔ አንድ ምስማር ሰጥቶኝ አያውቅም። በማግስቱ የሁሴንን መላጊያ ፍቅፋቂ ውስጥ ቀበርኩት። ግማሽ ቀን ሲፈልግ ዋለ፤ አብሬው ፈለግሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ ወዲያ አንድ መጥፎ ልማድ ያዘኝ። የሁሴን ዓይን የት እንደሚያርፍ አያለሁ፣ እሱ የተመኘውን እኔ ቀድሜ እመኛለሁ።

ሙሴ ጋራቤድ አረጀና ልጁ ዘንድ ድሬዳዋ ሊሄድ ተነሳ። ሁለታችንን ጠራን።

«አንዷ ሞተርና መጋዝ ትወስዳለች፣ አንዷ ቶርኖ ትወስዳለች» አለ። «ለድካማችሁ ነው። በቀለ ቀድማ መጣች፣ ቀድማ ትመርጣለች። መጀመሪያ ግን ንገሩኝ። ቤታችሁ ሄዳችሁ ምን ትሠራላችሁ? የት ታቆሟታላችሁ? ስትሰበር ማን ያበጃታል?»

«ሁሉንም እሠራለሁ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«ሁሉንም የሚባል ዕቃ የለም» አለና ወደ ሁሴን ዞረ። «አንቺስ?»

«አልጋ» አለ ሁሴን በቀስታ።

ልብ አድርጉልኝ፤ ሙሴ ጋራቤድ እኔን አይቶ ዓይኑን ወደ ቶርኖው ላከ። ግባ፣ ያንተ ነው ማለቱ ነበር። እኔም ወደ ቶርኖው አንድ እግሬን አንስቼ ነበር። ነገር ግን ልማዴ አልለቀቀኝምና ሁሴንን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። መጋዙ ላይ አፍጥጧል። ዓይኑን አይነቅልም። ትንፋሹን ሁሉ ይዟል። አሃ፣ መጋዙን ነው የፈለገው! መጋዙ ሲጮህ ከተማው ሁሉ «ይሄ የሁሴን ነው» ሲል ታየኝ። ምን ቆርጦት! ሄጄ እጄን መጋዙ ላይ አሳረፍኩ።

«ይሄ» አልኩ።

ሙሴ ጋራቤድ ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከና መልሶ አጠለቀ። ሁሴን በረጅሙ ተነፈሰ። ያ ትንፋሽ የተቃጠለ ሰው ትንፋሽ መሰለኝና ደስ አለኝ።

ሞተሩን ቤቴ አስገብቼ ባስነሳሁት ቀን ጎረቤት ሁሉ አጥር ላይ ተንጠለጠለ። ንጉሥ የሆንኩ መሰለኝ። በሳምንቱ ባለቤቴ አስካለ ወገቧን ይዛ ፊቴ ቆመች።

«በቀለ፣ ዶሮዎቼ እንቁላል አቆሙ» አለች። «ልጅቷ ስትባንን ታድራለች። የላምባው ሽታ ወጥ ውስጥ ገብቷል። ለመሆኑ ይሄ ነገር መቼ ነው ወንበር የሚሠራው?»

እውነቷን ነው። ክብ መጋዝ ግንድ ይሰነጥቃል፣ ሳንቃ ያወጣል፤ ወንበር አይሠራም። የሙሴ ጋራቤድ ቤት ሰፊ ነበር፣ ሥራውም ብዙ። የእኔ ግቢ ውስጥ ረጅም ግንድ ሲገባ ጫፉ አጥር ጥሶ ጎረቤት ይደርሳል። ቀበቶው በክረምት ይረጥብና ይንሸራተታል። የመጋዙን ጥርስ የሚሞርድልኝ ሰው ስላልነበረ ስሞርድ ነው የምውለው። ቀስ በቀስ ሰው ሁሉ ግንዱን እያመጣ «ሰንጥቅልኝ» ይለኝ ጀመር። አናጢ የነበርኩ ሰው የሌላ አናጢ ሳንቃ አውጪ ሆንኩ።

የማንን ሳንቃ መሰላችሁ? የሁሴንን!

እሱ ቶርኖውን አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብቶ በእግሩ እየረገጠ የአልጋ እግር ያወጣል። ላምባ የለ፣ ጩኸት የለ። አንገት ያላቸው፣ ቀለበት ያላቸው፣ ከታች ሎሚ የሚመስሉ እግሮች። ልጅ የሚድር ሁሉ «የሁሴን እግር ያለው አልጋ» ይል ጀመር። እኔ ከእሱ የተሻለ አወጣ ነበር እኮ! ሙሴ ጋራቤድ በአፉ ነግሮኝ የለም? ግን ማን ይመነኝ? መጋዝ ይዤ ማን ይመነኝ?

ሁሴን ዝግባውን በጋሪ ይዞ ሲመጣ ደጄ ላይ ቆሞ «ጋሼ በቀለ፣ እንዴት አደሩ? ይቺን ቢሰነጥቁልኝ» ይላል። እሰነጥቅለታለሁ። ተሸክሞ ይሄድና ልክ እንደ ሙሴ ጋራቤድ ቀጭን እንጨት እያስገባ ይደረድረዋል፣ ይጠብቃል። እኔ በደጁ ሳልፍ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ እስቅበታለሁ። እየሳቅኩም እቃጠላለሁ።

አንድ ኅዳር ከአዋሽ ማዶ፣ ከደራ፣ ኦቦ ቱፋ የሚባሉ እህል ነጋዴ መጡ። ሴት ልጃቸውን በጥር ሊድሩ ነው። በአገሩ ያልታየ ባለ ሁለት በር ቁም ሣጥን ይፈልጋሉ። መጀመሪያ የሄዱት ሁሴን ዘንድ ነበር።

«የደረቀው እንጨቴ አልቋል፣ አዲሱ እስከ ሚያዝያ ይቆያል አለኝ» አሉኝ ኦቦ ቱፋ እየተበሳጩ። «ሠርግ እንዴት ሚያዝያ ይጠብቃል? አንተ ግን መኪና አለህ አሉ።»

ልቤ ዘለለች። ሁሴን ያልቻለውን እኔ! «ኦቦ ቱፋ፣ በሦስት ሳምንት!» አልኩ። እጄን ጨብጠው በኦሮምኛ «ገለቶሚ!» ብለው አመስግነውኝ ሄዱ።

ዝግባው ያን ሳምንት ከደጋ የወረደ ነበር። ስሰነጥቀው መጋዙ ውኃ ይረጫል። ሳንቃውን አንስቼ ጫፉን ላስኩት፤ ምላሴ ላይ እንደ ምንጭ ውኃ ቀዘቀዘ። ምራቄን ተፋሁና ሥራዬን ቀጠልኩ። በእጅ ሲሰነጠቅ ሁለት ሳምንት የሚፈጀውን መጋዙ በግማሽ ቀን ጨረሰው፤ ያ ፍጥነት አታለለኝ። መኪና መሰንጠቅ ያፋጥናል እንጂ ማድረቅ እንደማያፋጥን ጠፍቶኝ አልነበረም፣ ሁሴንን መቅደም ስለፈለግሁ እንጂ። ቁም ሣጥኑ ሲያልቅ ያብረቀርቅ ነበር። በሁለት ግመል ጭነን፣ አዋሽን ተሻግረን፣ ደራ አድርሰን ገጠምነው። ሰው ተሰብስቦ እጁን በአፉ ጫነ። ምነው ሁሴን ባየ አልኩ በሆዴ።

አየ። ኦቦ ቱፋ ጨዋ ናቸውና ለሠርጉ ሁለታችንንም ጠርተው ነበር። በሠርጉ ዋዜማ የሙሽሪትን ልብስ፣ ጫማ፣ ጌጥ፣ ሁሉን ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሰቅለው ዘጉት። ያን ሰሞን የጥር ደረቅ ንፋስ ሌትና ቀን ይነፍስ ነበር። በማግስቱ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ደጅ ደርሶ ሲጨፈር ከጓዳ ጩኸት ተሰማ። በሩ አልከፈት አለ። እንጨቱ ሲደርቅ ተጣሞ ሁለቱ በሮች እርስ በርስ ተናክሰዋል። ሴቶቹ ቢጎትቱ፣ ወንዶቹ ቢጎትቱ፣ ወይ ፍንክች። ሙሽሪት በቤት ልብሷ አልጋ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«መጥረቢያ አምጡ!» አሉ ኦቦ ቱፋ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰውዬ፣ ልጄን በሠርጓ ቀን አዋረድካት!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሁሴን ሰዉን በክርኑ ገፋ ገፋ አድርጎ ገባ። ከኪሱ ያቺን ጠባብ መሮ አወጣ፤ የሙሴ ጋራቤድን። ማጠፊያዎቹን አንድ በአንድ ነቀለ፣ በሩን ሳያቆስል ከጎን አንስቶ ግድግዳ ላይ አስደገፈው። እልልታው ቀለጠ።

«ኦቦ ቱፋ፣ በጋሼ በቀለ አይፍረዱ» አለ ሁሉም እየሰማ። «ሥራው ንጹሕ ነው፣ መጋጠሚያውን ይዩት። ይሄ የደራ ንፋስ ነው። እኔም ብሆን አላመልጥም ነበር።»

ውሸቱን ነው። እሱ ቢሆን አይነካውም ነበር። ሰው ከእንዲህ ያለ ውርደት ሲያወጣችሁ ምን ትላላችሁ? እኔ ጠላሁት። እውነቱን ልናገር፣ በሕይወቴ ሰው አምርሬ የጠላሁት ያን ሰዓት ነው። ምሳውን ሳልበላ በእግሬ ወደ አዳማ ተመለስኩ። ያ ሁሉ መንገድ ያቺን መሮ ነበር የማየው።

በሳምንቱ ሁሴን ቤቴ መጣ። «ጋሼ በቀለ፣ ወላሂ አንድ ነገር አስቤያለሁ» አለ። «የእርስዎ ሞተር ቶርኖውንም መጋዙንም ማዞር ይችላል፣ እንደ ድሮው። እርስዎ ቶርኖው ላይ፣ እኔ መደርደርና መግጠም። አንድ ሥራ ቤት እንክፈት።»

ቶርኖው ላይ! ልቤ እንዴት እንደዘለለች። ነገር ግን ሰው ሁሉ «ሁሴን ያነሳው በቀለ» ሲለኝ ሰማሁ።

«ምን አጣሁና?» አልኩት።

«አብሽሩ፣ ቅር አይበልዎት» ብሎ ሄደ። ሁለተኛ አላነሳውም።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የጣሊያን ጦርነት መጣ፤ ሞተሩ ከቤቴ ተወስዶ ሳይመለስ ቀረ። አርሲ ነገሌ ሄጄ ሰው ቤት ግንድ ሰነጠቅሁ፣ ኋላ ናዝሬት ተመልሼ የትምህርት ቤት አግዳሚ ስጠግን ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። አንድ የአልጋ እግር አላወጣሁም። ሁሴን አላቋረጠም። በሥራ ቤቱ በር ላለማለፍ አርባ ዓመት በጀርባ መንገድ ሄድኩ።

ታደሰ በማግስቱ ሲመጣ «ተነስ» አልኩት። ወሰድኩት። ሁሴን ሸብቷል፣ ጎብጧል፣ ግን እዚያው ቶርኖው ፊት ቆሟል። ቶርኖው አሁን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ተገጥሞለታል። ሲያየኝ መሮውን አስቀምጦ ሮጠ።

«ጋሼ በቀለ! ያ አላህ! ምን እግር ጣለዎት?»

ታደሰ መጽሔቱን ዘረጋ። ሁሴን ሥዕሎቹን ሳያይ ከደነው። «ምን ልትሠራ ነው? የት ታቆመዋለህ? ሲበላሽ ማን ያበጅልሃል?» አለው። ሳቄ መጣ። «ጠረጴዛና አልጋ ከሆነ፣ የተሰነጠቀ ሳንቃ ግዛ፤ ትልቅ መጋዝ ቤትህ አታስገባ። መጀመሪያ መሰርሰሪያ፣ ደህና መላጊያ። ሳንቃውን አንድ በጋ ደርድረው። ቀሪውን እጅህ የሚወደውን ግዛ።» ከዚያ ትከሻዬን ያዘ። «እኔ ይሄን ሁሉ ያገኘሁት በእኚህ ሰው ነው። የመረጥን ዕለት መጋዙ ላይ አፍጥጬ የሙሴ ጋራቤድን የተቆረጠ ጣት እያሰብኩ ስንቀጠቀጥ አዩኝ። ቶርኖውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ይወዱት ነበር፤ መፍራቴን አይተው ለእኔ ተዉልኝ። አርባ ዓመት በየሶላቴ ስመርቃቸው ነው የኖርኩት።»

ያ ሁሉ ጋሼ ማለት፣ ያ የደራው ውሸት፣ ያ አንድ ላይ እንሥራ ማለት፣ ለካ ለዚህ ነበር። ዝም ብል ማን ያውቃል? ታደሰ እንኳን በኩራት ነበር የሚያየኝ።

«ሁሴን» አልኩ፣ «ለአንተ ብዬ አይደለም። መጋዙን የተመኘህ መስሎኝ ልቀማህ ነው። ቀንቼ ነው። ዛሬም ድረስ እቀናብሃለሁ።»

ሄዶ ሞተሩን አጠፋ። ቶርኖው እየቀዘቀዘ እየቀዘቀዘ እስኪቆም ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆየ። ታደሰ መሬት መሬቱን ያያል። ሁሴን ሲዞር ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ ከንዴት ይሁን ከሳቅ መለየት አልቻልኩም።

«ቶርኖውን ግን ትወደው ነበር?» አለኝ። «አንተ» ብሎኝ አያውቅም ነበር።

«ከምንም በላይ።»

«ወላሂ ሞኝ ነህ!» አለ። ከዚያ በሩ ላይ ሄዶ ቆመና ድምፁን አጎረነነ። «ጣት!»

ሁለት እጄን ዘረጋሁ። እያንዳንዷን እየነካ ቆጠረ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሙሴ ጋራቤድ።

«አሥር። ግቢ።»

ያን ቀን እሱ አንድ፣ እኔ አንድ የአልጋ እግር አወጣን። መሮው ቀለበቷ ላይ አንሸራተተኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን አቆምናቸው። የእሱ ትበልጣለች፤ ቀናሁ። ነገም ጠዋት ሌላ ልሞክር እሄዳለሁ።